ከደባርቂ እስከ መቅደላ፦ ዓፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ገና ካሣ ኃይሉ ተብለው ሲጠሩ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። ያሸነፋቸው የወታደር ብዛት ሳይሆን የመድፍ እሳትና የሠለጠነ የጦር ሥርዓት ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ መድፍ ከሐሳባቸው አልወጣም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ከደፉ በኋላ መድፍን ከመግዛት ይልቅ በአገር ውስጥ ማሠራትን መረጡ።

ለዚህም ሥራ የተመረጠው ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጋፋት ነበር። በዚያ የሰፈሩት ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ሙያውን የተማሩት በንጉሠ ነገሥቱ ግፊት እየሠሩ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ነሐስ የሚያቀልጥ ምድጃ ሙቀቱን የሚችል ጡብ ይሻል፤ ቅርጽ ማውጫው ጥቂት እርጥበት ካለው ፈሳሹ ይፈላል፣ ይፈነዳልም። ከድካም በኋላ ሥራው ቀና፤ በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀርጾ ወጣ። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበው ከተማ ነው።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የኤንፊልድ ፋብሪካ ጠመንጃን በሺህ እየቆጠረ፣ እያንዳንዱን ክፍል በመለኪያ እየፈተሸ ያወጣ ነበር። ልዩነቱ የጥበብ ብቻ አይደለም፤ የቁጥር ነው። አንድ መድፍ ይተኩሳል ወይም አይተኩስም፤ የሚቀጥለው እንደርሱ ይሆን እንደሆነ ግን አንዱ ብቻውን አይናገርም።

ለዚህ ጥያቄ መለኪያ ያበጀው ካርል ፒርሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የካይ-ስኩዌር ፈተናውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። ፈተናው የተጠበቀው ቁጥርና በተግባር የተቆጠረው ምን ያህል እንደሚስማሙ ይመዝናል። እኩል ምርት ከሚያወጡ አራት ምድጃዎች 40 ግድፈት ያለባቸው ዕቃዎች ተገኙ እንበል፤ ምድጃዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ከእያንዳንዱ 10 ይጠበቃል። የተቆጠረው ግን 4፣ 8፣ 9 እና 19 ነው። የየልዩነቱ ካሬ ለ10 ተካፍሎ ሲደመር 12.2 ይሆናል። በሦስት የነፃነት ደረጃ፣ በ5 በመቶ ወሰን፣ የሚፈቀደው 7.815 ስለሆነ ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው ማለት ያዳግታል፤ አራተኛውን ምድጃ መመርመር ይገባል። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚታመነው በየክፍሉ የሚጠበቀው ቁጥር በልማድ ከ5 ሳያንስ ነው። ጋፋት እንዲህ ያለ ቁጥር ሊሰጥ አይችልም ነበር። ጉድለቱን በሠራተኞቹ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የመዳብና የነሐስ አቅርቦት፣ መንገድና ሰላም ሳይኖር ተከታታይ ምርት ከየት ይምጣ?

ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ሴባስቶፖልን በገመድ እየጎተተ፣ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እያበጁ፣ ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ፈጀ። ይህ መንገድ ራሱ ከመድፉ የማያንስ የምህንድስና ሥራ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን አይወሳም።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በአሮጌ ሜዳ የናፒየር ወታደሮች በኋላው የሚጎርሰውን የስናይደር ጠመንጃ ይዘው ቀረቡ። ከፋላ ተራራ ላይ ከተተኮሱት መድፎች የአብዛኛዎቹ ጥይት ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ሴባስቶፖልም የውጊያውን ውጤት አልለወጠም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። እንግሊዞች በአምባው ላይ ያገኟቸውን ሌሎቹን መድፎች ሰባበሩ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።