ሉዊስ ካሮልና የፊደል ጨዋታዎቹ

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ሁለት ስም ነበረው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሉትዊጅ ዶጅሰን የተባለ የሒሳብ መምህር ነው፤ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ግን ሉዊስ ካሮል ይባላል። ስለ አሊስ የጻፈውን የልጆች ተረት የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ስለ ሆነ እሱን እንተወውና፥ ብዙ ሰው ወደማያውቀው ሥራው፥ ማለት ወደ ፊደል ጨዋታዎቹ እናልፋለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የተወለደው ጃንዋሪ 27 ቀን 1832 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በቼሽር ግዛት፥ ዴርስበሪ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ። እሱ ከ11 ልጆች 3ኛው፥ ከወንዶቹም የመጀመሪያው ነበር። ገና በልጅነቱ ለእኅቶቹና ለወንድሞቹ በእጅ የሚጻፍ የቤት መጽሔት ያዘጋጅላቸው ነበር። ሲናገር ግን ምላሱ ይያዝበት ነበር፤ ቀኝ ጆሮውም በልጅነት ሕመም ምክንያት በደንብ አይሰማም ነበር። በ1851 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ በገባ በ2ኛው ቀን እናቱ ሞተችና ለቀብር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሒሳብ ከፍተኛ ማዕርግ አግኝቶ፥ ከ1855 እስከ 1881 ዓ.ም. በዚያው ኮሌጅ አስተማረ። በ1861 ዓ.ም. ዲያቆን ሆነ፤ ቅስና ግን አልተቀበለም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የምላሱ መያዝ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ጸሓፊዎች አሉ።

የብዕር ስሙ ራሱ የፊደል ጨዋታ ነው። በ1856 ዓ.ም. ቻርልስና ሉትዊጅ የሚሉትን ሁለቱን ስሞቹን ወደ ላቲን ለወጣቸው፤ ቀጥሎ ቦታቸውን አፈራረቀና መልሶ ወደ እንግሊዝኛ አመጣቸው፤ ሉዊስ ካሮልም ተወለደ።

በ1877 ዓ.ም. በገና ሰሞን ሥራ ፈትተው የሰለቻቸው ሁለት ልጃገረዶች የሚጫወቱበት ነገር እንዲሰጣቸው ለመኑት። እሱም ደብሌትስ የተባለውን ጨዋታ ፈጠረላቸው። የፊደላቸው ቍጥር እኩል የሆነ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ፤ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፊደል ብቻ እየለወጠ ከመጀመሪያው ቃል ወደ መጨረሻው ይደርሳል። በመካከል የሚገኘውም ሁሉ እውነተኛ ቃል መሆን አለበት። ራስ የሚለው ባለ 4 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል በዚህ መንገድ ጭራ እስኪሆን ድረስ መፈወስን፥ የዳክዬ ዓይነት የሆነች ወፍን፥ መንገርንና ረጅምን ያልፋል። ጨዋታው በ1879 ዓ.ም. ቫኒቲ ፌር በተባለው የለንደን መጽሔት ወጣ። ወዲያውም ይህ ቃል ይፈቀዳል፥ ያ አይፈቀድም የሚል ክርክር ተነሣና ካሮል የተፈቀዱትን ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ማውጣት ግድ ሆነበት። አንዳንድ የራሱ ፍጡራን ቃላት ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገቡለት ሰው፥ በጨዋታ ጊዜ እንደ ዳኛ ጥብቅ ነበር!

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ደስ የሚለን ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሚሽማሽ ነው። ስሙ ድብልቅልቅ እንደ ማለት ነው። አንዱ ተጫዋች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ፊደላትን ተከታትለው እንዳሉ ይሰጣል፤ እነዚህን እምብርት ብለን እንጥራቸው። ሌላው እምብርቱን በውስጡ የያዘ ቃል ይፈልጋል። ጂ እና ፒ ቢሰጡት፥ ማግፓይ የተባለችውን ወፍ ይጠራል። ኢ፥ ኤም፥ ኦ ቢሰጡት፥ ሎሚ ማለት የሆነውን ሌመን ያገኛል። አይ፥ ኤም፥ ኤስ፥ ኢ ቢሆኑበት ደግሞ ሂምሴልፍ አለለት። ማንም የሚያውቃቸው ተራ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ፊደላቱ ብቻቸውን ሲቀርቡ ያስጨንቃሉ። ምክንያቱም ጆሮ ቃልን በክፍለ ቃል እየቈረጠ ይሰማል፤ እምብርቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚተኛው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ጂ በአንደኛው ክፍል መጨረሻ፥ ፒ በሁለተኛው መጀመሪያ ይሆናሉ። እንግሊዝኛ የሚማር ወጣት ይህን ከያዘ ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ መጫወት አያፍርም።

ሒሳበኛው ሰውዬ ለብልጠትም መንገድ ዘግቷል። የሰውና የአገር ስም አይፈቀድም። በጭረት የተያያዘ ቃልም አይቈጠርም፤ ስለዚህ ኢ፥ አር፥ ጂ፥ ኤ የተሰጠው ሰው የአበባ አትክልት ስፍራን በጭረት አያይዞ ቢያቀርብ ይወድቃል። ኪንደርጋርተን ቢል ግን፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ያልፋል። ሰጪው ራሱ መልሱን የማያውቀውን እምብርት ለመስጠት መብት አለው። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ይኸው ነው፤ ተቀባዩ የሚፈልገው ቃል በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አያውቅምና።

በ1880 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ፊደላትን በሰንጠረዥ ገበታ ላይ እያንቀሳቀሱ ቃል የመሥራት ሐሳብ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሐሳቡ ገበያ አልወጣም። በ1930ዎቹ አልፍሬድ በትስ የተባለ ሥራ ያጣ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ፊደላትን በጋዜጣ ላይ እየቈጠረ የገበታ ጨዋታ ሠራ፤ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮም ስክራብል ተብሎ ተሸጠ።

ይህን ሁሉ ጨዋታ የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ካሮል ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ክፉ ሐሳብ ይጫነው ነበር። መድኃኒት ያደረገውም አእምሮን የሚይዝ ጥያቄ ነው። በ1893 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ 72 የሒሳብ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉንም ለማለት ይቻላል፥ በጨለማ፥ አልጋው ላይ ተጋድሞ በራሱ ውስጥ የፈታቸው ናቸው። አንባቢዎች በሽተኛ እንዳይመስላቸው በኋላ በርእሱ ውስጥ እንቅልፍ ማጣት የሚለውን አነጋገር በቀለለ ቃል ለወጠው። በ1891 ዓ.ም. መብራት ሳያበሩ በጨለማ ለመጻፍ የሚያስችል፥ ባለ 16 ቀዳዳ ካርቶን ሠራ፤ ለእሱም ልዩ ፊደል ፈለሰፈ። አንደበቱ ቢይዘውም ብዕሩ አልያዘውም። ከ1861 ዓ.ም. ጀምሮ የጻፈውንና የደረሰውን ደብዳቤ በቍጥር ይመዘግብ ነበርና፥ የመጨረሻው ቍጥር 98,721 ነው።

አባቱ በ1868 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ያላገቡ እኅቶቹን ጊልድፎርድ ከተማ በተከራየው ቤት አኖራቸው። እሱ ራሱ ሚስት አላገባም። ለ1897 ዓ.ም. ገና ወደ እነርሱ ሄዶ ሳለ ጉንፋን ያዘውና ወደ ሳንባ ምች ተለወጠበት። ጃንዋሪ 14 ቀን 1898 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ዐረፈና እዚያው ጊልድፎርድ ተቀበረ። ሲሞት የሎጂክ መጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል በማዘጋጀት ላይ ነበር። ጽሑፉ ተበታትኖ ቈይቶ ከተሰበሰበ በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. ታተመ።