የመከተል ዋጋ፦ የቄስ ዲትሪክ ቦንሆፈር ሕይወት በአጭሩ

ውድ ወጣቶች፤ ክርስቶስን እንከተላለን ብለን በየሰንበቱ እንዘምራለን። መዘመሩ ብዙ አያስከፍለንም። ዋጋው የሚጠየቀው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከወጣን በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን ገና በ39 ዓመቱ በስቅላት የተገደለውን የጀርመናዊውን ቄስ የዲትሪክ ቦንሆፈርን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦንሆፈር ከመንታ እኅቱ ከሳቢነ ጋር ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1906 በብረስላው ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ በበርሊን የታወቁ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ቤተ ሰቡ የተማረና የተከበረ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቫልተር በ1918 በጦርነት ቆስሎ ሞተ። ዲትሪክ ገና በልጅነቱ ነገረ መለኮት አጠናለሁ ባለ ጊዜ ወንድሞቹ ቢያፌዙበትም ከሐሳቡ አልተመለሰም፤ በ21 ዓመቱም የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

በ1930 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። በዚያም አንድ ጥቁር የትምህርት ጓደኛው ሐርለም በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ወዳለችው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። የአገራችንን የጥንት ስም የምትጠራውን ይህችን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቷት በ1808 በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጉን ያልተቀበሉ ምእመናን ናቸው። ያ ሊቅ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አስተማረ። የተናቁ ሰዎች በመከራ ውስጥ እንዴት እንደሚያምኑ ያየው እዚያ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም መዝሙሮቻቸውን በሸክላ ይዞ ሄደ።

በበርሊን በድኾች ሠፈር ሃምሳ ያህል አስቸጋሪ ወንዶች ልጆችን እንዲያስተምር ተመደበ። ልጆቹ ሲጮኹበት እርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሐርለም ይተርክላቸው ጀመር፤ ሊሰሙትም ዝም አሉ። ከዚያም በሠፈራቸው ክፍል ተከራይቶ በሩን ከፈተላቸው።

ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1933፣ ቦንሆፈር በራዲዮ ንግግር አደረገ። መሪ ራሱን ጣዖት የሚያደርግ ከሆነ ሕዝቡን እንደሚያስት አስጠነቀቀ። ንግግሩ ሳያልቅ ተቋረጠ። ይህ ድፍረት ነው። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ የሆነውን ልንሸሽጋችሁ አንፈልግም። የሳቢነ ባል ከአይሁድ ወገን ነበረ። የባልየው አባት፣ ያልተጠመቁ አይሁዳዊ፣ በኤፕሪል 1933 ሲሞቱ ቦንሆፈር የቀብሩን ሥነ ሥርዓት እንዲመራ ተለመነ። የቤተ ክርስቲያን አለቃውን አማከረ፤ እንዲተወው ተመከረ፤ እርሱም ተወው። በራዲዮ ያልፈራው ሰው በገዛ እኅቱ ቤት ለቅሶ ፈራ። በኋላ ግን በዚህ እጅግ አፈረ፤ በዚያው ዓመትም ለእኅቱና ለባልዋ ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ጻፈ። የእርሱን ታሪክ ከዚህ ቀን ለይተን ብናነብ የምንረዳው አይመስለንም።

በ1935 ለሂትለር መንግሥት አልገዛም ላሉት አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ቄሶችን በፊንከንቫልደ በኅቡዕ ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹ አብረው ይጸልዩ፣ አብረው ይበሉ፣ ኃጢአታቸውንም እርስ በርስ ይናዘዙ ነበር። በ1937 ጌስታፖ የተባለው የምሥጢር ፖሊስ ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። በዚያው ዓመት ስለ ክርስቶስ መከተል የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በመጽሐፉም ሳይታዘዙና መስቀል ሳይሸከሙ የሚፈለገውን ጸጋ ርካሽ ጸጋ ብሎ ጠራው።

የጻፈውን ራሱ የሚፈተንበት ቀን ሩቅ አልነበረም። የእርሱ ዕድሜ እኩዮች ለጦርነት ሊጠሩ ሲቃረቡ ወዳጆቹ ሥራና ማረፊያ አዘጋጅተው ወደ አሜሪካ ጠሩት። ጁን 12 ቀን 1939 ኒው ዮርክ ደረሰ። ከሞት ያመለጠ ይመስል ነበር። ልቡ ግን አላረፈም። ወንድሞቹ በመከራ ውስጥ ሳሉ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ነገ አገሪቱ እንደገና ስትታነጽ ምን ፊት ይዞ ይቆማል? አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው በጁላይ ተሳፍሮ ተመለሰ። በሴፕቴምበር ጦርነቱ ተጀመረ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ተከራክረናል። ከመካከላችን፣ ቢቀር ኖሮ ብዙ መጻሕፍት ይጽፍ፣ ብዙ ወጣቶችን ያስተምር አልነበረምን? ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሕይወትን ማዳን ኃጢአት አይደለምና። ነገር ግን በ1933 ከለቅሶ ቤት የቀረው ሰው በ1939 ከሕዝቡ ለቅሶ መቅረት አልቻለም ብለን እናምናለን።

ከተመለሰ በኋላ በእኅቱ ባል በሃንስ ፎን ዶናኒ በኩል ሂትለርን ለመጣል ከሚያሤሩት ጋር ተባበረ። ይህ ቡድን በ1942 ከሞት የተፈለጉ 14 ሰዎችን ወደ ስዊትዘርላንድ አሻገረ። ሤራው ግን ሰው መግደልን ይጨምር ነበር። ቦንሆፈር እጄ ንጹሕ ነው አላለም። በደል መሆኑን አውቆ፣ ፍርዱንና ምሕረቱን ለእግዚአብሔር ትቶ ገባበት። በዚህ ነገር ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ይለያያሉ፤ እኛም አንፈርድም።

በጃንዩዋሪ 1943 የ18 ዓመቷን ማሪያ ፎን ቬደማየርን አጨ። ኤፕሪል 5 ቀን ተያዘ። ከዚያ በኋላ እጮኛሞቹ የተገናኙት ዘበኛ ባለበት በወህኒ ቤት ብቻ ነው። በበርሊን በቴጌል ወህኒ ቤት 18 ወር ተቀመጠ። በ1944 መጸው አንድ ዘበኛ አብሮት ሊያመልጥ ተስማምቶ፣ የሚቀይረውም ልብስ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ወንድሙ ክላውስ ታሰረ። ቦንሆፈር ቢያመልጥ ቅጣቱ በወንድሙና በቤተ ሰቡ ላይ እንደሚወድቅ ስላወቀ እቅዱን ተወው። የማምለጫ በር ሲከፈትለት ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌሎች ሲል አልወጣበትም።

ኤፕሪል 8 ቀን 1945፣ ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ታስሮ ሳለ ጸሎት እንዲመራ ለመኑት። በመካከላቸው ካቶሊኮችና አንድ እምነት የሌለው ሩስያዊ ስለ ነበሩ እንዳያስጨንቃቸው ፈራ። እነርሱም ራሳቸው በወደዱ ጊዜ አገለገላቸው። ጸሎቱ እንዳበቃ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። በማግሥቱ ንጋት በፍሎሰንቡርግ ሰቀሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአሜሪካ ጦር ካምፑን ነጻ አወጣ። ክላውስና ሁለቱ የእኅቶቹ ባሎችም በዚያው ወር ተገደሉ። ወላጆቹ የዲትሪክን ሞት ያረጋገጡት በጁላይ ከለንደን በራዲዮ የተላለፈውን የመታሰቢያ ጸሎት ሰምተው ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ስቅላት አይጠየቅብንም ይሆናል። የሚጠየቅብን ሰው የሸሸውን ለቀስተኛ ቤት መድረስ፣ ጓደኛ በሐሰት ሲከሰስ ያየነውን መመስከር፣ መልካም ዕድል ሲመጣ ከኋላችን የምንተዋቸውን ማሰብ ይሆናል። በዚህ በትንሹ ወድቀን ከሆነም ተስፋ አንቁረጥ። ቦንሆፈርም ወድቆ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ተገኘ። በዚህ ሳምንት ማን ይጠብቀናል? መልሱን ይዘን በሚቀጥለው ሰንበት እንገናኝ። እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።