ድምፅን ሳያጎድሉ የማመቅ ጥበብ መሠረት ጣይ፦ ክላውድ ሻነን

በቴፕም ሆነ በሸክላ ተቀርጾ የቆየ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሰፊ ቦታ ይይዛል። በሲዲ ደረጃ የሚቀዳ ስቴሪዮ ድምፅ በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 44 ሺህ 100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱም ልኬት በ16 ቢት ስለሚመዘገብ፣ የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ ብቻ 10 ነጥብ 6 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈጃል። ይህን ፋይል አንዲት ቢት ሳትጎድል አምቆ ማስቀመጥ፣ ባስፈለገ ጊዜም እንደነበረ መልሶ መዘርጋት ዛሬ የተለመደ ተግባር ሆኗል። ተግባሩ የሚቻል መሆኑን ብቻ ሳይሆን እስከ የት ድረስ እንደሚቻል በሒሳብ ያረጋገጡት አሜሪካዊው የሒሳብና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሊቅ ክላውድ ኤልውድ ሻነን ናቸው።

ሻነን እ.ኤ.አ ኤፕሪል 30 ቀን 1916 በሚሺጋን ግዛት በፔቶስኪ ከተማ ተወልደው፣ በዚያው ግዛት ጌይሎርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ አደጉ። አባታቸው ነጋዴና ዳኛ፣ እናታቸው ደግሞ የቋንቋ መምህርትና የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ታዳጊው ሻነን ግማሽ ማይል ያህል ርቆ ከሚገኝ የጓደኛቸው ቤት ጋር በእሾሃማ የአጥር ሽቦ የቴሌግራፍ መስመር ዘርግተው መልእክት ይለዋወጡ ነበር። መልእክትን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው ሳይዛባ የማድረስ ጉዳይ ኋላ የሕይወት ዘመን ሥራቸው ለመሆን በቃ።

እ.ኤ.አ በ1936 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስናና በሒሳብ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪዎችን ካገኙ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አመሩ። በዚያም በ21 ዓመታቸው ባዘጋጁት የማስተርስ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅ ቡል የደረሱት የሎጂክ ሒሳብ በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። የዲጂታል ኮምፒውተሮች አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ በ1940 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በቤል የምርምር ማዕከል ተቀጠሩ።

ወቅቱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተፋፋመበት ስለነበር ሻነን በምስጢራዊ የመልእክት ልውውጥ ጥናት ላይ ተሰማሩ። እ.ኤ.አ በ1943 እንግሊዛዊው ሊቅ አላን ቱሪንግ ማዕከሉን በጎበኙበት ጊዜ ሁለቱ ምሁራን በመመገቢያ አዳራሽ እየተገናኙ ስለሚያስቡ ማሽኖች ይወያዩ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩበትን የምስጢር ጽሑፍ ጉዳይ ግን እንዳያነሱ የጦርነቱ ደንብ ይከለክላቸው ነበር።

የሻነንን ስም በዓለም ያስጠራው እ.ኤ.አ በ1948 በሐምሌና በጥቅምት በሁለት ክፍል የወጣው የመገናኛ ሒሳባዊ ንድፈ ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት መሐንዲሶች ቴሌግራፍን፣ ስልክንና ሬዲዮን እንደተለያዩ ሙያዎች ይመለከቷቸው ነበር። ሻነን ግን ጽሑፍም ሆነ ድምፅ ወይም ምስል በአንድ መለኪያ ሊመዘን እንደሚችል አስረዱ። መለኪያው ቢት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኙት ከባልደረባቸው ከጆን ቱኪ መሆኑን በዚያው ጽሑፍ ገልጸዋል።

በንድፈ ሐሳቡ መሠረት የአንድ መልእክት የመረጃ ይዘት የሚለካው ተቀባዩ አስቀድሞ ሊገምተው ባልቻለው መጠን ነው። አማርኛ አንባቢ «ኢትዮጵ» የሚለውን ካየ ቀጣዩ ፊደል «ያ» መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል፤ ፊደሉ ቢቀር የሚጠፋ ነገር የለም። «እንደምን አደር» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ግን «ክ» ወይም «ሽ» ሊሆን ይችላል፤ ሰላምታው ለወንድ ይሁን ለሴት የሚታወቀው በዚያች ፊደል በመሆኑ እርሷን መጣል አይቻልም። ሊገመት የሚችለውን ትቶ የማይገመተውን ብቻ መያዝ መልእክቱን ሳያጎድል ያሳጥረዋል። ሻነን ይህ ማሳጠር ወሰን እንዳለውም አረጋገጡ። ከወሰኑ በታች ለመውረድ የሚሞክር ሁሉ ከመልእክቱ አንድ ነገር ማጣቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ በ1951 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሰዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ቀጣይ ፊደል እንዲገምቱ በማድረግ፣ ከጽሑፉ ውስጥ ምን ያህሉ አስቀድሞ የሚታወቅ እንደሆነ ለመለካት ሞክረዋል።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሌሎች ምሁራን ተከትለውታል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ የነበሩት ዴቪድ ሃፍማን እ.ኤ.አ በ1952 ለሚደጋገሙ ምልክቶች አጭር፣ ለብርቅዬዎቹ ረዥም ኮድ የሚሰጥ ዘዴ አሳተሙ። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ሮበርት ራይስ ከጠፈር መንኮራኩሮች የሚላክ መረጃን ለማመቅ የሚያገለግል ቀላልና ፈጣን ኮድ አዘጋጁ።

ፍላክ የተሰኘው ድምፅን ሳያጎድል የሚያምቅ የፋይል ዓይነት የተሠራው በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን በአጫጭር ክፍሎች ይከፋፍልና ካለፉት ልኬቶች ተነስቶ ቀጣዩን ልኬት ይገምታል። የሚመዘግበውም በግምቱና በእውነተኛው ልኬት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ግምቱ የተቃረበ ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ ስለሚሆን በራይስ ኮድ በጥቂት ቢቶች ይሰፍራል። በዚህ ዘዴ ያልታመቀ የሙዚቃ ፋይል ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ወደሚሆነው መጠኑ ይወርዳል። እንደ ዝናብ ድምፅ ያለ ሥርዓት የሌለው ጫጫታ ግን ለግምት ስለማይመች እምብዛም አይቀንስም፤ ሻነን ያስቀመጡት ወሰን በተግባር የሚታየው በዚህ ነው።

የድምፅ ቅርሶችን ለሚጠብቁ ወገኖች ይህ ልዩነት ከፍተኛ ትርጉም አለው። ኤም ፒ ስሪ ፋይሉን እጅግ የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የታሰበውን የድምፅ ክፍል በመጣል ነው። የተጣለውም ተመልሶ አይገኝም። ኤም ፒ ስሪን ወደ ፍላክ መለወጥ ቦታ ከማስፋት በቀር የጠፋውን አይመልስም። በመሆኑም ለትውልድ የሚቀመጥ ድምፅ ከመነሻው ካልታመቀው ቅጂ በቀጥታ ሊለወጥ ይገባዋል። ፍላክ የመጀመሪያውን ድምፅ መለያ ቁጥር በውስጡ ስለሚይዝ፣ ተዘርግቶ የወጣው ድምፅ ከጥንቱ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥም ይቻላል።

ሻነን እ.ኤ.አ በ1956 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመልሰው እስከ 1978 በፕሮፌሰርነት አገልግለዋል። ከዝና ይልቅ ጨዋታን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ክላርኔት ይጫወታሉ፣ በአንድ ጎማ ብስክሌት በምርምር ማዕከሉ መተላለፊያዎች ይንሸራሸራሉ፣ በጠባብ መንገዶች ውስጥ አቅጣጫዋን ፈልጋ የምታገኝ ቴሲየስ የተሰኘች የማሽን አይጥም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ1966 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ፣ በ1985 ደግሞ የጃፓንን የኪዮቶ ሽልማት ተቀብለዋል።

የመጨረሻ ዓመታታቸው ግን አሳዛኝ ነበር። የአልዛይመር በሽታ የማስታወስ ችሎታቸውን ቀስ በቀስ ነጠቃቸው። እርሳቸው የወለዱት ሐሳብ በሞባይል ስልክ፣ በኢንተርኔትና በሲዲ ዓለምን ሲያዳርስ ሊገነዘቡት አልቻሉም። እ.ኤ.አ በ2000 በጌይሎርድ ሐውልት የቆመላቸው ሻነን፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2001 በማሳቹሴትስ ግዛት በሜድፎርድ ከተማ በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ካረፉ ከአምስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 2001፣ የፍላክ የመጀመሪያው ሙሉ እትም ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2024 ደግሞ አሠራሩ የኢንተርኔት ደረጃዎችን በሚያወጣው አካል በይፋ ታትሟል። የአንድ ሰው ትዝታ ሲጠፋ የሚመልሰው ኮድ አልተገኘም። ሻነን ባስቀመጡት ሕግ የታመቀ ድምፅ ግን ዘፋኙና ተናጋሪው ካለፉም በኋላ በተቀዳበት ዕለት እንደነበረ ይሰማል።