ቻርልስ ዋልኮትና የትሪሎባይት እግር

እኔ የዲንሾ ልጅ ነኝ። ጂኦሎጂ በጀመርኩ በመጀመሪያው እረፍት ከቤታችን ጀርባ ያለውን ገደል እየፈለጥኩ ቅሪተ አካል ስፈልግ ከረምኩ። ምንም የለም። ለካ የኛ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ በቀለጠ አለት ውስጥ ምን ሊቀር! ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ ሮቤ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። ቤተሰቡ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የሱ ነገር አበቃ ብለን ነበር። የዋልኮትን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ቻርልስ ዋልኮት እ.ኤ.አ. በ1850 በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ። በ18 ዓመቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ የብረታ ብረት ሱቅ ገባ። ቀጥሎ በገበሬ ቤት እየሠራ ትሪሎባይት መልቀም ጀመረ። ትሪሎባይት ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ የኖረ፣ እንደ ሸርጣን የአርትሮፖድ ወገን የሆነ እንስሳ ነው። ጠንካራ ቅርፊቱ ይቀራል፤ ለስላሳው እግሩ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ስለ እግሩ ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር። ዋልኮት ድንጋዩን ከነትሪሎባይቱ እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረጠና እየሞረደ በ1870ዎቹ እግሮቹን አሳየ። ዲግሪ አልነበረውም!

ከዚያ በኋላ በ1894 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዳይሬክተር፣ በ1907 የስሚዝሶኒያን ተቋም ኃላፊ ሆነ። በ1909 ክረምት ማብቂያ ላይ በካናዳ ተራሮች በርጀስ ሼል የተባለውን ቦታ አገኘ። እዚያ የዛሬ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንስሳቱ ድንገት በደለል ጭቃ ተቀብረዋል። ኦክስጅን ስላልደረሳቸው ቶሎ አልበሰበሱም፤ እግር፣ አንቴና፣ አንጀት ሳይቀር እንደ ስስ ጥቁር ቀለም ድንጋዩ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ማሬላ የምትባለዋ ትንሽ አርትሮፖድ ከነቀንዶቿ ወጣች። ደጋግሞ እየተመላለሰ 65,000 ገደማ ናሙና ሰበሰበ።

በመሐል ሐዘን ተደራረበበት። በ1911 ሚስቱ በባቡር አደጋ ሞተች፤ በ1913 አንድ ልጁ፣ በ1917 ሌላው በጦርነት። እሱ ግን ደጋግሞ ወደዚያው ተራራ ይወጣል።

አንድ ጉድለት አለበት። የቢሮ ሥራ ጊዜ ስላሳጣው እንግዳ የሆኑትን እንስሳት በሚታወቁ ወገኖች ውስጥ እየጨመቀ መደባቸው። ከ1960ዎቹ ወዲህ እንደገና ሲጠኑ ብዙዎቹ ከምድባቸው ወጡ። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ድንጋዮቹን ጠብቆ ባያኖር ማን ያርመው ነበር? በ1927 ሞተ። በ1984 ቻይና፣ ቸንግጂያንግ ላይ ከዚያ የቀደሙ፣ የጥንተ ካምብሪያን ለስላሳ አካላት ሲገኙ አላየም።

ባለፈው ሳምንት ለወንድሜ ስደውልለት ይህንኑ አወራሁት። ድንጋዩን በምን መጋዝ ነው የቆረጠው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። የማታ ትምህርት ስለመጀመሩ ግን ገና መልስ አልሰጠኝም።