ታምራት አማኑኤል፦ በኦሪትና በታልሙድ መካከል

በሰቆጣ ገበያ የምንሰማው ኽምጣንጋ ቋርኛ የምትባል ዘመድ አለችው። ቤተ እስራኤል ከግዕዙ ጋር ይጸልዩባት የነበረች የአገው ቋንቋ ናት። ስለዚህ የአንድ ቤተ እስራኤላዊ ምሁር ታሪክ ለእኛ ለዋግ ልጆችም ባዕድ አይደለም።

አቶ ታምራት አማኑኤል በ1888 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ጎንደር አካባቢ ጀንዳ ተወለዱ። አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ሲማሩ በፖላንድ የተወለዱት አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች አገኟቸውና በ1905 ወደ አውሮፓ ወሰዷቸው። ፓሪስ፣ ቀጥሎም ፍሎሬንስ በረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ።

ታዲያ እዚያ ያገኙት ይሁዲነት የአገር ቤቱን አይመስልም፤ እርስ በርሱም የተከፋፈለ ነበር። ኦርቶዶክሶቹ ኦሪትም ሆነ በታልሙድ የተጻፈው የቃል ሕግ ከእግዚአብሔር ስለሆነ አይነካም ይላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ የተነሡት ሪፎርሞች ግብረ ገቡን ይዘን ሥርዓቱን ከዘመኑ ጋር እናስማማ አሉ። ኮንሰርቫቲቮቹ ደግሞ መካከለኞች ናቸው፤ ሕጉ ይጠበቅ፣ ግን ከታሪክ ጋር እያደገ የመጣ ነው ባዮች። ቤተ እስራኤል ከሦስቱም አልነበሩም። ታልሙድን አያውቁም፣ ሐኑካን አያከብሩም ነበር። ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ የሚመሯቸው ቄሶችና መነኮሳት ነበሩ፤ ለፋሲካ መሥዋዕት ያርዱ ነበር፤ የወር አበባ ያየች ሴት በመርገም ጎጆ ትቆይ ነበር።

አቶ ታምራት በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ፋይትሎቪች የከፈቱትን ትምህርት ቤት መሩ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፋይትሎቪች መሥዋዕቱ እንዲቀርና የረቢዎቹ ሥርዓት እንዲገባ ይፈልጉ ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ከዓለም አይሁድ ጋር ሲያገናኝ ከቄሶቻቸው ሥርዓት ያርቃቸዋል። አቶ ታምራት በሁለቱ መካከል የቆሙ ሰው ነበሩ።

ጣሊያን ሲወረን ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ መንግሥትን አገለገሉ፣ ፓሪስ በሚገኘው ሌጋሲዮናችንም ሠሩ። በ1963 ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ።

ጥያቄው ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤልን የዳን ነገድ ናቸው ብለው ተቀበሏቸው። ሆኖም እስራኤል ከገቡ በኋላ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት በውኃ መጥለቅ አለባችሁ ስላላቸው በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቃወሙ። በ2008 ደግሞ ስግድ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆነ።

እንግዲህ ሁሉም ኦሪትን ይቀበላሉ። የሚለያያቸው ኦሪትን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። ለቤተ እስራኤል ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም፤ አይሁዳዊ ተብሎ የመቆጠርና ያለመቆጠር ጉዳይ ነበር።