ቪልሄልም ሺምፐር እና የድንቻችን ዘር

ለእርሻ ሙያ ቅርበት ያላቸው የማኅበራችን አባላት የቪልሄልም ሺምፐርን ስም በሁለት ነገር ያውቁታል፤ አንድም በሰሳ ዛፍ ሳይንሳዊ ስም ላይ ተቀጥላ ሆኖ በመገኘቱ፣ አንድም ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባ ሰው እየተባለ በመጠራቱ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ግን ከዚህ ይሰፋል፤ ለወላይታ ገበሬም እስከ ዛሬ የሚተርፍ ጉዳይ አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር፣ በባየርን ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ከዚያም በሙኒክ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። የዕፀዋት ናሙና የሚያሰባስብ አንድ የጀርመን ማኅበር ወጪውን ችሎ ወደ አልጄሪያ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ዐረብ ምድር ላከው፤ በ1837 ደግሞ በምፅዋ በኩል አድዋ ገባ። ለናሙና የመጣው ሰው በዚያው ቀረ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ወለደ። በ1855 ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በዐፄ ቴዎድሮስ ድል በተመቱ ጊዜ ግን ሹመቱ አብሮ ቀረ።

ድንችን ያስገባው በ1858 ገደማ እንደ ሆነ በግብርና ጽሑፎች ተደጋግሞ ይነገራል። ሕዝቡ አዲሱን ተክል ቶሎ አልተቀበለውም፤ በደጋው አገር እየተስፋፋ የሄደው በዚያ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ክፉ ቀን ከተባለው ረሀብ ወዲህ ነው። ችግር ያላመደው ምግብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ወላይታ ግን ቀድሞውኑ የራሱ ድንች ነበረው። የአገሬው ሰው ዶኖ የሚለው ይህ ጥንታዊ ተክል በስም እንጂ በዘር ከአዲሱ ጋር አይገናኝም፤ ወገኑ ከበሶብላና ከደማከሴ ነው። የባሕር ማዶው ድንች ደግሞ ከበርበሬ፣ ከቲማቲም፣ ከትንባሆ፣ ከእንቧይና በየአጥሩ ሥር ከሚበቅለው አውጥ ጋር ይዛመዳል። ይህ ዝምድና ጣጣ አለው፤ አንዱን የያዘ በሽታ ወደ ሌላው ይሻገራልና።

ከነዚህ በሽታዎች ዋነኛው የድንች ቫይረስ ዋይ የሚባለው ነው። በ1931 ኬኔት ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ከሌላው የድንች ቫይረስ ለይቶ አሳየው። ቅጠሉን ያዥጐረጕራል፣ ያኮማትራል፣ ምርቱን ያመነምናል። አጓጓዡ ክሽክሽ ነው፤ ይህ ጥቃቅን ነፍሳት የታመመውን ቅጠል ለጥቂት ሴኮንዶች ቢወጋ ቫይረሱን በአፉ ጫፍ ይዞ ወደ ጎረቤት ተክል ያደርሰዋል። ስለዚህም ፀረ ተባይ መርጨት እምብዛም አያድንም፤ መድኃኒቱ ክሽክሹን ከመግደሉ በፊት ሥራው አልቋል። በአገራችንም በበርበሬ፣ በቲማቲምና በድንች ላይ በጥናት ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ክሽክሽ ብቻውን ተወቃሽ አይደለም። ድንች የሚተከለው በራሱ ሥር ስለ ሆነ፣ እናቲቱ የታመመች እንደ ሆነ ልጆቿም ታመው ይወለዳሉ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ መሬቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ድንች በቆሎው እስኪደርስ ያለውን የረሀብ ወር የሚያሻግር ምግብ በመሆኑ፣ ትልልቁ ይበላል ወይም ወደ ሶዶ ገበያ ይወጣል፤ ደቃቁ ለዘር ይቀራል። ደቃቅ የሚሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታመመችው ተክል ፍሬ ነው። ገበሬው ሳያውቀው በየዓመቱ በሽታውን መርጦ ይተክላል ማለት ነው። በ1970 በወላይታ ሥራ የጀመረው ዋዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቅርቧል፤ ለድንች ግን ለእህል የተለመደው የዘር አያያዝ አይበቃም። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው ጉዳዩ ግማሹ የመጋዘን ሥራ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ክሽክሽ በማያሳልፍ ወንፊት የተጋረደ የዘር ማስቀመጫ ውድ ግንባታ አይደለም። ንጹሕ መነሻ ዘር ካልገባበት ግን መጋዘኑ ብቻውን ታመመውን አይፈውስም።

ሺምፐር ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ኢቫኖቭስኪ የትንባሆን በሽታ አጥንቶ ለቫይረስ ሳይንስ በር የከፈተው በ1892 ነው። ሺምፐር ግን በመቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር በ1868 ነጻ ከወጣ በኋላ ወደ አድዋ ተመልሶ በ1878 እዚያው ዐርፏል። በ1860ዎቹ ስለ ትግራይ መሬትና ዕፀዋት የጻፋቸው ማስታወሻዎች ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል።