ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ አህጉር ሸንጎ፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

በቸሃ እምድብርም ሆነ በወልቂጤ፣ በቡታጅራም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ደወል ሲደወል ተማሪው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ወደ ቤቱ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው ወደ ሜዳው፣ ወደ ድራማው ክበብ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጋዜጣ ወደሚያዘጋጁት ልጆች ክፍል ይመራዋል። ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ በምስክር ወረቀት ላይ ነጥብ አይሰጥም። ወላጅም ብዙውን ጊዜ እንደ ጊዜ ማባከኛ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ነጥብ በማይሰጥበት ሰዓት የጀመሩትን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩበት ኖረው፣ የአንድን አህጉር ስም በዓለም ሸንጎ ያስከበሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

አቶ ይድነቃቸው በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከልም ይቆጠራሉ። ልጅ ይድነቃቸው ለትምህርት አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ቤቱ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ትልቅ ቦታ የነበረው ነው። በዚያ የቀሰሙት ፈረንሳይኛ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ ወንድሞቻቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚመካከሩበት መሣሪያ ሆናቸው።

ከክፍል ውጪ ያገኙት ትምህርት ግን ከዚህ አያንስም። ኳስ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የህንዶችና የሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታ ነበረ። ኢትዮጵያዊው ወጣት ከሜዳው ዳር ቆሞ ይመለከታል፤ ሲመሽ ደግሞ በጨርቅ ኳስ በየሰፈሩ ያየውን ይሞክራል። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳን ልጆች ሰብስበው የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ከቡድኑ ጋር ተሰልፈው ለ23 ዓመታት ያህል ሳይለዩት ተጫወቱ። በእነዚህ ዓመታት ያስቆጠሯቸው ጎሎች 318 ናቸው እየተባለ ይጠቀሳል። ቁጥሩ ለማመን የሚከብድ ቢመስልም፣ የዚያን ዘመን ተመልካቾች አጥቂነታቸውን የሚያነሱት በአድናቆት ነበር።

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው በከተማይቱ ውስጥ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል በሕግ ሲከለክል ኳስ ሜዳውም አልቀረለትም። ኢጣልያኖች ለብቻቸው፣ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተሰርዞ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ከ14 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜው፣ ማለትም አንድ ወጣት ዓለምን በሚረዳበት ጊዜ፣ በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ በቆዳው ቀለም ተለይቶ የተጫወተ ሰው፣ በኋላ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲናገር ከመጽሐፍ ያነበበውን አልነበረም የሚናገረው። የአቶ ይድነቃቸውን የኋላ ዘመን ግትርነት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የሚገኝ አይመስልም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ አዲሱ ትውልድ የቀረው ሥራ መጫወት ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታው የሚመራበት ድርጅት አልነበረውምና። በ1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ከአቋቋሚዎቹ ዋነኛው ነበሩ። በመጀመሪያው ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ኢትዮጵያውያኑ አንድ ቡድን ብቻ የነበራቸው መሆኑ ሥራው ከየት እንደ ተጀመረ ያሳያል።

በዚሁ ዘመን አቶ ይድነቃቸው የስፖርት ደንቦችን ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ሥራ ከጎሎቻቸው ያነሰ ይነገርለታል፤ ለመሐንዲስ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚገባው እርሱ ነው። የኳስ ደንብ በእንግሊዞች ጫማና ያርድ የተለካ ነው። የጎሉ ስፋት 24 ጫማ፣ ቁመቱ 8 ጫማ ሲሆን፣ በሜትር ሲመለስ 7.32 እና 2.44 ይሆናል፤ የቅጣት ምት ሲመታ ተከላካዮች የሚርቁትም 9.15 ሜትር ነው። ለምን 9.15 ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ 10 ያርድ መሆኑን ካልተነገረው መልስ አያገኝም። በየጠቅላይ ግዛቱ የሚገኝ የትምህርት ቤት መምህር ሜዳውን በኖራ ሊያሰምር፣ ዳኛ ሆኖ ሊያፏጭና ጠብ ሲነሳ ሊያበርድ የሚችለው ደንቡ በሚያነበው ቋንቋ ሲጻፍለት ነው። ደንብ የሌለው ጨዋታ ከሰፈር ሰፈር አይሻገርም፤ መለኪያው ያልተወሰነ ድልድይ ከሁለት ወገን ተጀምሮ መካከል ላይ እንደማይገጥም ሁሉ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ለብሔራዊ ቡድኑ 15 ጊዜ ከተሰለፉ በኋላ አሠልጣኝ ሆኑ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የታወቀ ነው። የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባት። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደግሞ ሉቻኖ ቫሳሎ አገቡ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ይህ ዋንጫ ለኢትዮጵያ አልተመለሰላትም።

ከዚህ ዋንጫ ይልቅ ክብደት ያለው ግን የ1949ኙ የካርቱም ጉባኤ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች ከውድድሩ አስወጧት። የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ እንድትሆን ዕጣ የወጣላት ኢትዮጵያ ስለ ነበረች ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ጥቂት ሰዎች የሚያስታውሱት ይህ ነገር ከአንድ ውድድር ያለፈ ጉዳይ ነበረ። አፍሪካ ገና አብዛኛዋ በቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ የኳስ ማኅበሯ ዘረኝነትን ከብዙዎቹ የዓለም የስፖርት ድርጅቶች ቀድሞ ከመካከሉ አወጣ።

የዓለም ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ግን እንዲህ አልቸኮለም። በ1954 ደቡብ አፍሪካን ቢያግድም፣ በ1955 የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ከተመለሱ በኋላ ዕገዳው ተነሣ። ሰር ስታንሊ ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም የሚል እምነት ነበራቸው፤ አቶ ይድነቃቸው ደግሞ ተጫዋቹን በቆዳው የሚለየው ሕግ ራሱ ፖለቲካውን ወደ ሜዳ ያስገባ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1957 በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ የአፍሪካ አባላት ድምፅ በዝቶ ዕገዳው ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ሌላ ሙግት ተነሥቶ ነበር። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺንያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ተሰጣቸው። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አቶ ይድነቃቸው አጥብቀው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ለተከታዩ፣ ለ1962ቱ ውድድር፣ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተወሰነላትና ሞሮኮ ሄደች።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ በፊትም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። በአገር ውስጥ ዘውዱ ወድቆ ወታደራዊ መንግሥት ሲተካ፣ ብዙ ባለሥልጣን ሲታሰርና ሲሰደድ፣ እርሳቸው በሥራቸው ቀጠሉ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል የሆነው የትግሉ መደምደሚያ ይመስል ነበር፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ፣ በዚያው ወርና በዚያው ከተማ በተከፈተው ኦሊምፒክ ደግሞ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሳይካፈሉ ቀሩ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ለምሩፅ ይፍጠር ያ ውሳኔ አራት የጥበቃ ዓመታት ማለት ነበር። የመርሕ ዋጋ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በጉባኤ ውስጥ ባልነበረ ሰው ነው።

ሁሉም አቋማቸው ዘመን የተሻገረ አይደለም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለስ ያሳስባቸው ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኖች በአፍሪካ ዋንጫ በውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት ሰዎች በላይ እንዳያሰልፉ የሚከለክለውም ደንብ እስከ 1974 ዓ.ም. ጸንቶ ኖረ። ሥጋታቸው መሠረት ነበረው፤ ደንቡ ግን ለልጁ የሚሻለውን እንጀራ የሚከለክል መስሎ ስለ ታየ አልበረከተም። ወንዝ ሲሞላ አንድ ግንብ ብቻ ሠርቶ መመለስ እንደማይቻል የውሃ ባለሙያዎች ያውቁታል።

አቶ ይድነቃቸው ፕሬዚዳንትነታቸውን ሳይለቁ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ በዚያን ቀን ገና ከደጅ ነበረች። ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር 1988 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በጆሃንስበርግ፣ ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ያነሣው አምበል ነጭ ነበረ፤ አብዛኞቹ ጓደኞቹ ጥቁሮች፤ ከ39 ዓመት በፊት ለካርቱም ውድድር አልልክም የተባለው ዓይነት ቡድን ነበረ።